ክረምቱን ማን ይመዝግበው?

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አቃቂ አካባቢ ባለ የወጣት ማዕከል፣ በነሐሴ መጨረሻ ለክረምት በጎ ፈቃደኞች፣ ለመምህራንና ለሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ጭቃ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደዚህ ስመጣ ድልድዩ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር። አቃቂ ሞልቷል። መልኩ ማኪያቶ መስሏል። ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይወርዳል። ከጎኔ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንድ እናት ነበሩ። ውሃውን ሲያዩ ቆዩና «ቡሄ ካለፈ እኮ ክረምት የለም ነበር የሚባለው። ዘንድሮ ምን ነካው?» አሉኝ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። የውሃ ጥናት ሥራዬ ነው፤ ዕድሜዬን የበላሁት በዚህ ነው። ግን መልሱን አላውቀውም ነበር። ያዘጋጀሁትን መግቢያ እዚያው ድልድዩ ላይ ተውኩት። ዛሬ የማወራችሁ ለእኒያ እናት መልስ ለመስጠት ምን እንደሚያስፈልግ ነው። የሃይድሮሎጂ ምርምር ነገ ወዴት ይሂድ ብላችሁ ብትጠይቁኝም መልሴ እዚያው ውስጥ አለ።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት።» ይህን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ግን እንደ ተረትና ምሳሌ ብቻ አላየውም። የምልከታ ውጤት ነው። ገበሬው ዓመት ከዓመት ሰማዩን እያየ ከነሐሴ 13 በኋላ የዝናቡ ጉልበት እንደሚረግብ አወቀ። ልጁም አየ፣ የልጅ ልጁም አየ። ከዚያ በአንዲት መስመር አስቀመጡልን። መሣሪያ የለም፣ ወረቀት የለም። ትንበያው ግን ለብዙ ትውልድ ሠርቷል። ዘር የተዘራበት፣ ጎጆ የተከደነበት፣ መንገድ የተጀመረበት ትንበያ ነው።

እንዲህ ዓይነት ትንበያ አንድ ነገር አምኖ ነው የሚነሳው። የከርሞው ክረምት የአምናውን ይመስላል ብሎ። ዶሮው ዛሬም በሰዓቱ ይጮኻል። ስለ ክረምቱ ግን እንደ ዶሮው እርግጠኛ ሆነን መናገር አልቻልንም።

በአንድ ዘግይቶ የመጣ ዝናብ ብቻ «አየሩ ተለወጠ» ማለትም አይቻልም። ድሮም ከቡሄ በኋላ የዘነበባቸው ዓመታት ነበሩ። ይኼኛው ከእነዚያ አንዱ ነው ወይስ የአዲስ ልማድ መጀመሪያ? ይህን ለመለየት የዚህን ቦታ የብዙ አሥርት ዓመታት መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል። የአገር አይደለም፤ የዚህን ቦታ።

እስቲ መጀመሪያ የት እንዳለን እንይ።

እንጦጦን አስቡ። ጫፉ ላይ ሲዘንብ ጠብታው ሁለት መንገድ አለው። ወደ ሰሜን የወረደው በሱሉልታ ሜዳ በኩል ሙገር ይገባል፤ ሙገር ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ ሱዳን፣ ግብጽ፣ ሜዲትራኒያን። ወደ ደቡብ የወረደው በከተማው መሐል ያልፋል። በትንሹና በትልቁ አቃቂ አድርጎ አባ ሳሙኤል ይደርሳል። ከዚያ አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከአንድ ደመና ወርደው፣ አንድ ክንድ ተራርቀው አርፈው፣ አንዱ ለሜዲትራኒያን ሌላው ለአፋር በረሃ።

እኛ ያለነው በአዋሽ ወገን ነው። ያውም በዳር። የገፈርሳ ግድብ በዳር ነው። የለገዳዲና የድሬ ግድቦችም በዳር ናቸው። የአቃቂ ጉድጓዶች እዚሁ አጠገባችን ናቸው። ከተማው የሚጠጣው ውሃ ከዳር ይገባል፤ የሚደፋውም በዳር ይወጣል። የሰፈሮቻችን ስም ራሱ ይህን ያውቃል። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ። «ለገ» በአፋን ኦሮሞ ወንዝ ማለት ነው። ስም ያወጡት ሰዎች ቤት ከመሥራታቸው በፊት ውሃው በየት እንደሚሄድ አይተዋል። ዛሬ ቦታ የምንሸነሽን ሰዎች ያን ያህል አይተናል ብዬ ለመናገር ይከብደኛል።

አሁን አንድ የራሴን ልንገራችሁ።

ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። በከተማው ዳር ለሚያልፍ መንገድ፣ ከሥሩ አንዲት ጅረት የምታልፍበትን ቱቦ ስፋት እንዳሰላ ተሰጠኝ። ጅረቷን ለክቷት የሚያውቅ የለም። ካርታ ላይ ስም እንኳ የላትም። በቅርብ ካለው የዝናብ ጣቢያ መዝገብ ወሰድኩ። መዝገቡ መሐል መሐሉ ባዶ ነው፤ መጨረሻውም የቆየ ነው። ከካርታው ላይ ከላይ ያለው መሬት ምን እንደሆነ አየሁ። የጤፍ ማሳና የግጦሽ ሜዳ ይላል። አሰላሁ። ቱቦው ተቀበረ።

በሦስተኛው ክረምት ውሃው በመንገዱ ላይ ተሻግሮ ሄደ። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። የሁለት ቤት አጥር ፈረሰ፣ የአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ሽንኩርትና ድንች ተጠርጎ ሄደ። ሄጄ አየሁት። ቢሮ ተመልሼ ስሌቱን ደግሜ ሠራሁ። ያው ቁጥር መጣ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ከላይ ያለው ማሳ ግን ማሳ አልነበረም። ቆርቆሮ፣ ኮብልስቶንና አስፋልት ሆኗል። ያቺ ሴት እርጥብ መደቧ ላይ ተቀምጣ የተረፋትን ሽንኩርት በቀሚሷ ስታደርቅ ያየኋትን አልረሳም።

መሐንዲሶች «የ50 ዓመት ጎርፍ» የሚሉት ነገር አለ። ብዙ ሰው በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። በእያንዳንዱ ዓመት የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ከርሞም ሊደግም ይችላል። 50 ዓመት የሚያገለግል ድልድይ ብትሠሩ በዕድሜው ውስጥ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ ከ60 በመቶ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው ያለፈው የመጪው ልክ ነው በሚል ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሚሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሳይንስ መጽሔት ላይ ይህ እምነት ሞቷል ብለው ጻፉ። በሙያችን ብዙ ክርክር አስነሳ። እኔ ያነበብኩት ያቺ ጅረት ከመሙላቷ በፊት ነበር። የገባኝ ግን ከሞላች በኋላ ነው።

ያለፈው ልክ አይደለም ማለት ግን ያለፈውን መዝገብ ጣሉት ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው።

ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ የዓባይን ከፍታ የሚለኩበት ዓምድ አለ። ግብጾች ከ622 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የወንዙን ከፍታ መዝግበዋል። በዓለም ላይ እንዲህ ረጅም የወንዝ መዝገብ እምብዛም የለም። አሁን አስቡት። ካይሮ በየዓመቱ የምታየው ሙላት ከየት ነው የሚሄደው? ከእኛ ክረምት ነው። ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ ተደምረው ከናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉን ይሰጣሉ። ስለዚህ የጎጃምና የወሎ ሐምሌና ነሐሴ ከሺህ ዓመት በፊት ምን እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው የሚያነበው መዝገብ ካይሮ ነው ያለው። የራሳችን ክረምት ትዝታ ሰው ቤት ተቀምጧል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስበው ሌሊቱን አልተኛሁም።

መዝገቡ ምን አስተማረ? ሃሮልድ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ግብጽ ውስጥ አሳልፏል። ለናይል ምን ያህል የሚበቃ ግድብ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ እነዚህን ቁጥሮች ሲያገላብጥ ኖረ። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ግኝት በስሙ ይጠራል። እርጥብ ዓመታት ይከታተላሉ፤ ደረቅ ዓመታትም ይከታተላሉ። እንደ ሳንቲም ውርወራ አንዴ ዘውድ አንዴ ጎፈር እየተባለ የሚመጣ አይደለም። ወንዙ ያስታውሳል። እኛ ሰባቱን የጥጋብ ሰባቱን የረሃብ ዓመታት ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቃለን። ኸርስት በቁጥር አሳየው። ይህን ለማየት ግን የ20 ዓመት መዝገብ አይበቃም። ለመቶዎች ዓመት፣ በየዓመቱ፣ ንጉሥ ሲለወጥ ሃይማኖት ሲለወጥ፣ አንድ ሰው ወደ ውሃው ወርዶ ቁጥር ማንበብ ነበረበት።

ወደ ለውጡ ልምጣ። ሁለት ነገር አብሮ እየተለወጠ ነው፤ ሰማዩም ምድሩም።

ስለ ሰማዩ አጭር ልበል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን መሸከም ይችላል። ይህ ፊዚክስ ነው። ስለዚህ ሲዘንብ ጠንከር ብሎ የመዝነብ ዕድሉ ይጨምራል። በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል። በደቡብና በምሥራቅ ያሉ ወገኖቻችን ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሽፎባቸዋል። የዓለም የአየር ሞዴሎች ግን ለዚያው ለምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ይጨምራል ሲሉ ነው የኖሩት። ሞዴሉና ሰማዩ ለምን አልተስማሙም የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን እስካሁን እያነታረከ ነው።

ስለ ምድሩ ደግሞ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ኮዬ ፈጬን አስቡ፣ ቱሉ ዲምቱን፣ አራብሳን። በልጅነታችሁ ጤፍና ሽምብራ ያያችሁበት መሬት ላይ ዛሬ አምስተኛ ፎቅ ትኖራላችሁ። ይህ ክፉ ነው አልልም። ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ውሃው ግን ይህን አያውቅም።

እዚህ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ። በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ሲመጣ በስንጥቁ ጠልቆ ይገባል፤ ላይ ላዩን የሚሄደው ጥቂት ነው። ሐምሌ ላይ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ ጠግቧል። ያው 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሰኔ ሲወርድ ጅረቷ ላትነቃነቅ ትችላለች፤ በነሐሴ ሲወርድ ድልድይ ይመታል።

ይህን ለእኛ ደጋ በጥሞና ያጠኑት ሰዎች አሉ። ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይባር፣ በአንዲት ጥድና በአንጄኒ ትንንሽ የምርምር ተፋሰሶች ተቋቁመው ዝናቡም፣ የሚፈሰው ውሃም፣ የሚታጠበው አፈርም ይለካ ነበር። በኋላ ታሞ ስቲንሁስ የተባሉ የኮርኔል ፕሮፌሰር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያን መዝገብ ሲመረምሩ አንድ ነገር ታየ። በብዙ ቦታ ጎርፉ ከሁሉም ተዳፋት እኩል የሚነሳ አይደለም። ብዙው የሚነሳው ከግርጌው፣ ከጠገበው ረግረግና ከሳሳው የተራቆተ መሬት ነው። የተቀረው ተዳፋት ዝናቡን ይጠጣዋል። እኛ ግን ለዲዛይን የምንጠቀምበት ቀመር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ እርሻ የተሠራ ነው። የወሩን መጥገብና መራብ በደንብ አያውቅም። እኔም ለዚያች ቱቦ የተጠቀምኩት እሱኑ ነበር። የነገው ምርምር አንዱ ትልቅ ሥራ ቀመሩን ከራሳችን አፈር ማውጣት ነው። ይህ ደግሞ በካርታ የሚሠራ አይደለም፤ ቦት ጫማ ያስፈልገዋል።

«ሁሉም የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሁለት ሐይቆች አስታውሱት። ሐረማያ ሐይቅ ሐረርን ሲያጠጣ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። በስተኋላ ደግሞ ውሃው ተመልሷል። በሰቃ ሐይቅ ደግሞ መተሐራ አጠገብ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረ ኩሬ ከ40 በላይ ሆነ። የባቡር ሐዲዱንና አስፋልቱን አስጨነቀ። አንዱ ጠፋ፣ አንዱ ሞላ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ ከአንድ ሰማይ በታች። መስኖ፣ የጉድጓድ ውሃ መሳብ፣ ደለል፣ ከመሬት ውስጥ የሚመነጭ ውሃ፣ የስምጥ ሸለቆው መንቀሳቀስ፣ ሁሉም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ያንን መለየት የሃይድሮሎጂ ሥራ ነው።

አሁን ወጣቶቹ የምትጠብቁት ቦታ ደርሻለሁ። ሳተላይትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት።

በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሳተላይቶች ወደ ሰማይ ተላኩ። ግሬስ ይባሉ ነበር። እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በ220 ኪሎ ሜትር ርቀት አንዱ አንዱን እየተከተለ መሬትን ይዞር ነበር። ከሥራቸው ብዙ ውሃ ያለበት ቦታ ሲደርሱ የመሬት ስበት ይጎትታቸውና በመሐላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይለወጥ ነበር። ያንን ለውጥ ይለኩ ነበር። በዚህ መንገድ የሰሜን ምዕራብ ሕንድ የከርሰ ምድር ውሃ እየተሟጠጠ መሆኑ ከሰማይ ታየ። ለእኔ ተአምር የሚባል ሥራ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተላከው ስዎት የተባለው ሳተላይት ደግሞ የወንዝና የሐይቅ ከፍታን ይለካል።

ግሬስ ግን ያይ የነበረው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ነው። የአቃቂ ተፋሰስ በጠቅላላው 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለግሬስ ነጥብ አንሆንም። ስዎት የተሠራው ከ100 ሜትር በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች ነው። አቃቂን ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ቀበናንም፣ ግንፍሌንም። ሰፈር የሚጠርጉት ወንዞቻችን ጠባብ ናቸው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱስ? በ2024 (እ.ኤ.አ.) የጉግል ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡትን ሥራ በደስታ ነው ያነበብኩት። መለኪያ በሌላቸው ወንዞች ላይ ትልቅ ጎርፍን ከአምስት ቀን በፊት መተንበይ እንደሚቻል አሳዩ። ነባሩ የዓለም ሞዴል በዕለቱ ከሚናገረው የማይተናነስ ትንበያ ነው። እንደ አፍሪካ መለኪያ ለሌለው አህጉር ይህ ትልቅ ዜና ነው። ድሬዳዋን የማስታውስ ሰው ነኝ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ፣ በላይ በደጋው የወረደ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የጥቂት ሰዓት ማስጠንቀቂያ እንኳ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያተርፍ አስቡት።

ያ ማሽን ከምን ተማረ? ከ5,600 በላይ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገብ ነው የተማረው። እያንዳንዱ መዝገብ የሰው እጅ አለበት። ማሽኑ ያልተለካ ወንዝን መተንበይ የቻለው የተለኩ ወንዞች ስላሉ ነው። መለካቱን ብናቆም ማሽኑ የሚማረው ስለ ትናንቱ ዓለም ይሆናል። የነገውን ዓለም እኛ ካልነገርነው ከየትም አያመጣውም።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ከዚህ ብዙም በማይርቅ ወንዝ ዳር የደረጃ አንባቢ ነበሩ። ወንዙ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ተተክሏል። ጠዋት 12 ሰዓት አንዴ፣ ማታ 12 ሰዓት አንዴ ወርደው ያነባሉ። ደብተራቸው ሰማያዊ ሽፋን አለው። በፌስታል ጠቅልለው ከጣሪያው ሥር ካለው ምሰሶ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ አይጥ እንዳይበላው። በእርሳስ ነው የሚጽፉት። «እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈሳል፤ እርሳስ ግን አይከዳም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ነሐሴ ላይ ጎርፉ ዘንጉን ነቅሎ ወሰደው። ክፍያቸውም ለወራት ዘግይቶ ነበር። ቢተዉት ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን ትልቁ ድንጋይ ላይ በምስማር ጫሩ። ዘንጉ እስኪተከል ከዚያ ጭረት ስንት ስንዝር ከፍ እንዳለ፣ ስንት ስንዝር ዝቅ እንዳለ ጻፉ። በኋላ ከልጃቸው ጋር ሆነን የጭረቱን ከፍታ ለካን፤ የእሳቸውንም ስንዝር በሜትር ለካነው። 21 ሴንቲ ሜትር ነው። የአርባ ሦስት ቀን መዝገብ በጋሼ ስንዝር ተረፈ። የዚያን ዓመት ትልቁ ሙላት ያለው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው።

ደረጃው ብቻ ግን የውሃውን መጠን አይነግርም። ወርዶ የውሃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋት መለካት፣ ከደረጃው ጋር ማዛመድ ያስፈልጋል። ይህም አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ጎርፍ ጠጠሩን ያነሳዋል፤ ወንዙ ይጠልቃል ወይም ይሞላል። በእኛ ወንዞች ላይ ደግሞ የድልድዩን አፍ ፌስታልና ጠርሙስ ይዘጋዋል። ደረጃው ይወጣል፣ ውሃው ግን አልጨመረም። ይህን አጠገቡ የሚኖር ሰው ያውቃል። ሴንሰሩ አያውቅም።

ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችን ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ሮቶ የሌለው በጀሪካን ያጠራቅማል፤ ያለው ቦቴ ይጠራል። ቦቴው ከየት ይቀዳል? ከጉድጓድ ነው። ፋብሪካውም፣ ሆቴሉም፣ አበባ እርሻውም ጉድጓድ አለው። ከሥራችን ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃ ይይዛል። በየዓመቱ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል? ከላይ መሬቱን በሲሚንቶ እየሸፈንን፣ ከታች መቶዎች ሜትር ጠልቀን እየሳብን ይህን በውል አለማወቅ፣ ሂሳቡን ሳያይ ከባንክ የሚያወጣ ሰው መሆን ነው። እያንዳንዱ የጉድጓድ ባለቤት የውሃውን ጥልቀት በወር አንዴ በገመድ ለክቶ ቢያስቀምጥ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም ፕሮጀክት ያልሰጠንን ካርታ እናገኛለን።

ይህ ሕልም አይደለም። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሽታ ቀበሌ ውስጥ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናቡን፣ የወንዙን ደረጃና የጉድጓዱን ውሃ እንዲለኩ ተደረገ። ከእንግሊዝ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች መዝገቡን ከመደበኛ ምንጮች ጋር አነጻጸሩት። ጥራቱ የሚያኮራ ሆኖ ተገኘ። የዓለም አቀፉ የሃይድሮሎጂ ሳይንሶች ማኅበርም ከ2003 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ያለውን አሥር ዓመት መለኪያ ለሌላቸው ተፋሰሶች፣ ቀጣዩን አሥር ዓመት ለለውጥና ለኅብረተሰብ ሰጥቶ ነበር። ከ2023 እስከ 2032 ያለውን ደግሞ በየአካባቢው ካለው ሰው ጋር መፍትሔ ለመፈለግ ሰይሞታል። ዓለም ወደ ጋሼ ደብተር እየመጣ ነው። እኛ ግን እንደ ጋሼ ያለውን ሰው ደመወዝ እናዘገያለን።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የተለካውም ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ፍለጋ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ክረምቱ ያለፈበት ተማሪ ስንቱን አውቃለሁ። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ ዝናብ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ይህን በየመድረኩ እላለሁ፤ ዛሬም አልኩት።

ቅድም አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «እኔ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃኛለች። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሒሳብ ተማሪ፣ ኮምፒውተር ተማሪ፤ እሱ አይቀርም። እስከዚያ ግን ይኼ አለ።

(እዚህ ላይ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ አሳየሁ።)

ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ጠርሙስ ምረጡ። አንገቱን ቁረጡና ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ውስጥ አስቀምጡት። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩ፤ ከጠጠሩ በላይ እስከ አንድ መስመር ውሃ ሙሉ። ያ መስመር ዜሮ ነው። ከእሱ በላይ ማስመሪያ ለጥፉ። ከግድግዳና ከዛፍ አርቁት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ መቶ ሃምሳ ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ የምትጠብቁ እናቶች ይህን ቁጥር እንደማትረሱት አውቃለሁ።

አሥር ጠርሙስ አምጥቻለሁ፤ ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ በየሰፈራችሁ ውሰዱ። ደብተሩ እዚሁ ማዕከሉ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ገጽ አስምሬዋለሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሚሊ ሜትር፣ የለካው ሰው ስም። በእርሳስ ጻፉ። የምታነቡት እንደ ሜትሮሎጂ ጣቢያዎቹ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ አንብባችሁ ስታበቁ ውሃውን እስከ ዜሮው መስመር መልሱት። ዝናብ ካልነበረ ዜሮ ጻፉ። ሳትለኩ ከቀራችሁ ግን ዜሮ እንዳትጽፉ፤ ባዶ ተዉት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያን ደብተር የሚከፍት ሰው ዝናቡ እንዳልመጣና እናንተ እንዳልመጣችሁ መለየት አለበት። ድልድዩ ላይ ያገኘኋቸው እናት ቤታቸው ከዚህ ሁለተኛው ቅያስ ነው ብለውኛል፤ አንዱን ጠርሙስ ስወጣ አደርስላቸዋለሁ።